መራጭ የላከውን ማን ይመልሳል?
ስለ ጁሊያን ቦንድ የእንደራሴነት ታሪክ የቀረበ ሒስ

የአንድ የሕዝብ እንደራሴ ታሪክ ሲጻፍ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት መንገድ አንዱን ይይዛሉ። አንዳንዶቹ ሰውየውን ያወድሳሉ፤ ሌሎቹ የምርጫውን ቍጥር ደርድረው ያልፋሉ። በሁለቱም መንገድ ዋናው ጥያቄ ሳይነካ ይቀራል። ዋናው ጥያቄ፣ ይህ ሰው በማን ሥልጣን ወደ ምክር ቤት ገባ፤ ከገባ በኋላስ ሥልጣኑን ለምን ሥራ አዋለው፤ በመጨረሻስ ያስወጣው ማን ነው የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን፣ በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት እንደራሴ የነበረውን የጁሊያን ቦንድን የምርጫ ታሪክ እንመረምራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ቦንድ የሚነገረው የታወቀ ታሪክ አጭር ነው። ቦንድ የቪየትናምን ጦርነት ተቃወመ፤ ምክር ቤቱ በሩን ዘጋበት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሩን ከፈተለት፤ በዚህም የመናገር ነፃነት አሸነፈ ይባላል። ይህ አነጋገር ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በሦስት ነገር ጎደሎ ነው። አንደኛ፣ ወንበሩ ከየት እንደ መጣ በትክክል አይናገርም። ሁለተኛ፣ የመራጮቹን ድርሻ በዳኞቹ ካባ ይሸፍነዋል። ሦስተኛ፣ ከ1967 እስከ 1987 ያለውን ሃያ ዓመት ዘሎ ያልፋል። ሦስቱንም በየተራቸው እንመልከት።

፩. ወንበሩ ከየት መጣ?

ጁሊያን ቦንድ ጃኑዋሪ 14 ቀን 1940 በቴኔሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሆራስ ማን ቦንድ የታወቀ የትምህርት ሊቅ ሲሆን፣ በፔንሲልቫኒያ ለሚገኘው ለሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ነበር። ልጁ በአትላንታ በሞርሃውስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ በ1960 የደቡብ ተማሪዎች የዘር ልዩነትን ለመቃወም ተነሡ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ስኒክ የሚባለው የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ሲቋቋም ቦንድ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ፤ ቀጥሎም የማስታወቂያ ክፍሉን ኀላፊነት ያዘ። ለዚህ ሥራ ሲል ትምህርቱን አቋርጦ ነበርና ዲግሪውን የተቀበለው ተመልሶ ገብቶ በ1971 ነው።

በ1965 ቦንድን ጨምሮ ስምንት ጥቁር አሜሪካውያን ለጆርጂያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ድል የ1965 የድምፅ መብት ሕግ ፍሬ አድርገው ይጽፉታል። ቀኑን ያየ ግን ስሕተቱን ወዲያው ያገኘዋል። ምርጫው የተደረገው በጁን ወር ነው፤ ሕጉ በፕሬዚዳንት ጆንሰን የተፈረመው ኦገስት 6 ቀን ነው። ውጤት ከምክንያቱ ሊቀድም አይችልምና ትክክለኛውን ምክንያት በሌላ ስፍራ መፈለግ ያስፈልጋል።

ምክንያቱ የወንበር አደላደል ለውጥ ነው። ጆርጂያ 159 አውራጃዎች አሏት። በቀድሞው ሥርዐት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ 205 ወንበሮች የሚደለደሉት በሕዝብ ብዛት መጠን ሳይሆን በአውራጃ ነበር። ስምንቱ ታላላቅ አውራጃዎች ሦስት ሦስት፣ ቀጣዮቹ ሠላሳ ሁለት ሁለት፣ የቀሩት 121 አንዳንድ እንደራሴ ይልኩ ነበር። በ1960 የሕዝብ ቈጠራ የአትላንታ ከተማ አብዛኛው ክፍል የሚገኝበት የፉልተን አውራጃ 556,326 ነዋሪ ሲኖረው፣ ትንሹ የኤኮልስ አውራጃ 1,876 ብቻ ነበረው። ሒሳቡን ስናደርገው በፉልተን አንድ እንደራሴ ለ185,442 ሰው ሲደርስ፣ በኤኮልስ አንዱ ለ1,876 ሰው ይደርሳል። ስለዚህ የኤኮልስ ገበሬ በምክር ቤት የነበረው ክብደት ከአትላንታ ነዋሪ ወደ ዘጠና ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋ ነበር ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ላይ የከተማ ጥቁር ሕዝብ ድምፅ ቢሰጥም ባይሰጥም ልዩነት አልነበረውም።

ይህን ሚዛን የሰበረው ፍርድ ቤት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 የጆርጂያን የአውራጃ ድምፅ አቈጣጠር ሻረ፤ በ1964 ደግሞ ከአላባማ በመጣ ክርክር የግዛት ምክር ቤቶች ሁለቱም በሕዝብ ብዛት እንዲደለደሉ አዘዘ። በዚህ ትእዛዝ መሠረት የጆርጂያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ወንበሮች እንደገና ተደለደሉ፤ ለአንድ ዓመት ዘመን የሚያገለግሉ እንደራሴዎችም በ1965 በልዩ ምርጫ ተመረጡ። በአትላንታ የተከፈለው 136ኛው የምርጫ ክልል ከዚህ የተወለደ ነው። እንግዲህ የቦንድ ወንበር የመጣው ከወረቀትና ከሒሳብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ብዙ ጊዜ ደረቅ ተብሎ የሚታለፈው የድልድል ጥናት በእርግጥ የፖለቲካ ታሪክ ልብ መሆኑን ይህ ምሳሌ ያስረዳል።

ወረቀት ወንበሩን ቢያዘጋጅም ሰውን አያስቀምጥበትም። ቦንድና ጓደኞቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ነዋሪውን ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁ ነበር። በአገሪቱ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም በነበረበት ጊዜ እርሱ ሁለት ዶላር እንዲሆን ጠየቀ። በክልሉ ከነበሩት 6,500 ያህል መራጮች 6,000 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ ተቀናቃኙ የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ተማሪዎች ዲን የነበረው ማልኮም ዲንም ጥቁር ነበር። ውጤቱ 2,320 ለ487 ሆነ። ቦንድ ከመቶ ሰማንያ ሁለት በላይ አገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ድምፅ የሰጠው ሰው ከመራጩ ከግማሽ በታች መሆኑ መታለፍ የለበትም። የ25 ዓመቱ ወጣት በሰፊ ብልጫ አሸነፈ እንጂ የክልሉ ሰው ሁሉ ነቅሎ ወጥቶለት አልነበረም። የክልሉን ሰው አጥብቆ ያስተሳሰረው ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ ራሱ የፈጸመው ሥራ ነው።

፪. የ184 ድምፅ ክርክር

በ1966 በጃኑዋሪ መጀመሪያ ላይ ሳሚ ያንግ የተባለ ከባሕር ኀይል የተመለሰ ወጣት፣ በአላባማ በተስኪጊ ከተማ በአንድ ቤንዚን ማደያ ለነጮች ብቻ በተከለለ መጸዳጃ ቤት ምክንያት ተገደለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጃኑዋሪ 6 ቀን ስኒክ በቪየትናም ጦርነት ላይ መግለጫ አወጣ። መግለጫው የያንግን መገደል በቪየትናም ከሚገደለው ሕዝብ ጋር አነጻጽሮ፣ ለግዴታ ውትድርና እሺ ለማይሉት ወጣቶች አዘኔታና ድጋፍ ይሰጣል። መግለጫውን የጻፈው ቦንድ አይደለም። ነገር ግን የራዲዮ ጋዜጠኛ በጠየቀው ጊዜ እንደሚደግፈው ሳይሸሽግ ተናገረ።

ጃኑዋሪ 10 ቀን ምክር ቤቱ ሲከፈት ከእንደራሴዎቹ 75 የሚሆኑት ቦንድ እንዳይገባ አቤቱታ አቅርበው ነበር። ሌሎቹ መሐላ ሲፈጽሙ እርሱ ወደ ጎን እንዲቆም ተደረገ። ቦንድ መሐላውን ለመፈጸም ዝግጁ መሆኑን አስታወቀ። የውትድርና ካርዳቸውን የሚያቃጥሉትን ሰዎች ድፍረት እንደሚያደንቅ፣ ራሱ ግን ካርዱን እንዳላቃጠለና ማንንም አቃጥሉ እንዳላለ አስረዳ። ክርክሩ ካበቃ በኋላ 184 ለ12 በሆነ ድምፅ ተከለከለ።

የከልካዮቹን ክርክር በቅን ልቡና እንየው። በአጭሩ ሦስት ነገር ይላሉ፤ ቃሉ ለጠላት እርዳታ ነው፤ ቃሉ የውትድርናን ሕግ ያስጥሳል፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱን እጠብቃለሁ ብሎ የሚምለው መሐላ ከልቡ ሊሆን አይችልም፤ ምክር ቤቱንም ያሳፍራል። ፊተኞቹ ሁለት ነገሮች በሕግ የተወሰኑ ወንጀሎች ናቸው። ሰው ወንጀል ሠርቷል ከተባለ የሚከሰስበት ዐቃቤ ሕግ፣ የሚፈርድበት ዳኛ አለ። ቦንድ ግን በአንዱም አልተከሰሰም። ያልተከሰሰን ሰው በእጅ ብልጫ ጥፋተኛ ማድረግ የሕግ አውጪን ሥራ ከዳኛ ሥራ መቀላቀል ነው።

ሦስተኛው ክርክር የበለጠ ብልሃት አለው። እንደራሴ መሐላ የሚፈጽም ሰው ስለሆነ ከተራ ዜጋ በላይ ጥብቅ ታማኝነት ሊጠየቅ ይገባል ይላል። በመጀመሪያ ሲሰሙት ቅን ይመስላል። ነገር ግን መሐላው ከልብ ነው ወይስ ከከንፈር የሚለውን የሚመረምሩት፣ በዚያው ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የሚቃወሙት ባልደረቦቹ ከሆኑ መሐላ መሆኑ ይቀርና ለጥቂቶች የተዘረጋ ወጥመድ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ምክር ቤቱን ያሳፍራል የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ምክር ቤቱን የገቡት ሰዎች ርስት ያደርገዋል። ያፈረ ሰው ቢኖር ሊያፍር የሚገባው የላከው መራጭ ነበር፤ መራጩ ግን አላፈረም።

ክልከላው የጎዳው ቦንድን ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ የ136ኛው ክልል ነዋሪ ስለ ነበረ ከቦንድ ጋር ከሳሽ ሆኖ ፍርድ ቤት የቀረበው እንደ መራጭ ነው። በዚያ ዓመት ምክር ቤቱ ግብርና በጀት ሲወስን የክልሉ ወንበር ባዶ ነበር። ሕዝቡ ግብር ይከፍላል፤ በግብሩ ላይ የሚናገርለት ግን የለውም። የጉዳዩ ክብደት ከዚህ ላይ ነው።

፫. ዳኞቹና መራጮቹ

ክርክሩን በመጀመሪያ ያዩት ሦስት የፌዴራል ዳኞች ሁለት ለአንድ ሆነው ለምክር ቤቱ ፈረዱ። በልዩነት የቆሙት ዳኛ ተትል የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የእንደራሴን ብቃት ቈጥሮ ካስቀመጠ ምክር ቤቱ ሌላ ብቃት ሊጨምርበት አይችልም አሉ። ጉዳዩ በይግባኝ ላይ ሳለ አገረ ገዥው ባዶውን ወንበር ለመሙላት ልዩ ምርጫ ጠራ። ቦንድ ተወዳድሮ በሰፊ ብልጫ ተመረጠ። የምክር ቤቱ የደንብ ኮሚቴ ጠርቶ ቃሉን እንዲመልስ ጠየቀው፤ አልመልስም ቢል እንደገና ከለከለው። በኖቬምበር 8 ቀን 1966 በመደበኛው ምርጫ ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ዋረን ጸሐፊነት በሙሉ ድምፅ ለቦንድ የፈረደው ዲሴምበር 5 ቀን 1966 ነው።

ከዚህ የቀን ቅደም ተከተል የምናገኘው ትምህርት አለ። ፍርዱ የመጣው መራጩ በአሥራ ሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከላከው በኋላ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ምርጫ መራጩ ስለ ጦርነቱ የተናገረውን ሰምቶ፣ ምክር ቤቱ ሊመልሰው እንደሚችል እያወቀ ድምፁን ሰጠ። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ቦንድን አዳነው ከማለት፣ መራጩ የያዘውን ነገር ፍርድ ቤቱ አጸናለት ማለት ለእውነት ይቀርባል። በዚያ መካከል መራጩ ተሰላችቶ ሌላ ሰው ልኮ ቢሆን ኖሮ፣ የዲሴምበሩ ፍርድ ባለወንበር የሌለው ድል በሆነ ነበር።

በፍርዱም ላይ አንድ ሒስ አለን። ዋረን የጻፉት ነገር ግልጽ ነው፤ እንደራሴ ከተራ ዜጋ ያነሰ የመናገር መብት ሊኖረው አይችልም፤ እንዲያውም የላኩት ሰዎች አቋሙን አውቀው እንዲፈርዱበት በአከራካሪ ጉዳይ ላይ ሐሳቡን መግለጽ ግዴታው ነው። ይህ የሚደነቅ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ፍርዱ የቆመው በመናገር ነፃነት ላይ ብቻ ነው። የዘር አድልዎ አለበት የሚለውንና ዳኛ ተትል ያነሡትን የብቃት ጥያቄ ሳይወስን አልፏቸዋል። ስለዚህ ክልከላው በንግግር ሳይሆን በሌላ ሰበብ ቢመጣስ ለሚለው ጥያቄ መልስ አልሰጠም። ጥያቄውም ብዙ አልዘገየም፤ በ1967 የአሜሪካ የፌዴራል ምክር ቤት የኒው ዮርኩን አዳም ክሌይተን ፓወልን በገንዘብ አያያዝ ሰበብ ከለከለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራል ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ ከተጻፈው ብቃት ውጭ ሊጨምር አይችልም ብሎ የወሰነው ጁን 16 ቀን 1969 ነው። የቦንድን ፍርድ ከፓወል ፍርድ ነጥሎ የሚያነብ ተማሪ ግማሹን ትምህርት ብቻ ይዞ ይሄዳል።

፬. የተዘለለው ሃያ ዓመት

ቦንድ በጃኑዋሪ 1967 ወንበሩን ያዘ። በሕግ መምሪያ ምክር ቤት አራት ዘመን ካገለገለ በኋላ በ1974 ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመርጦ ከ1975 እስከ 1987 በዚያ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር ካቀረባቸው ረቂቆች ከ60 በላይ የሚሆኑት ሕግ እንደ ሆኑ ይነገራል። የጆርጂያ ጥቁር እንደራሴዎችም ባንድነት የሚመክሩበትን ጉባኤ ካደራጁት አንዱ ነው። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን ስሙ ከግዛቲቱ ይልቅ በአገሪቱ ላይ የሰፋ ነበር። በ1968 በቺካጎ በተደረገው የዴሞክራቶች ጉባኤ፣ በአገረ ገዥ ማዶክስ ወገን የተመረጠውን የጆርጂያ መልእክተኞች ቡድን ተቃውሞ የመጣውን ሁለተኛ ቡድን ከመሩት አንዱ እርሱ ነበር፤ ጉባኤውም ድምፁን ለሁለቱ አካፈለ። በዚያው ጉባኤ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስሙ ሲጠራ ዕድሜው 28 ነበርና ሕጉ የሚጠይቀው 35 ዓመት ስላልሞላው ራሱን አገለለ። ከዚያ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው ንግግር የሚያደርግ፣ በ1971 የተቋቋመው የደቡብ የድህነት ሕግ ማእከል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ በየጋዜጣው የሚጠቀስ ሰው ሆነ። ከምክር ቤቱ ይልቅ በንግግር አዳራሽ ይገኛል የሚለውም ወቀሳ አብሮት አደገ። ወቀሳው በከፊል እውነት ያለው ይመስለናል። የመጀመሪያው በደል ያተረፈለት ዝና ከትንሹ ወንበር በላይ ስለ ነበረ፣ ወንበሩ ለእርሱ የሥራ ቦታ ብቻ ሳይሆን የመቆሚያ ደረጃም ሆኖት ነበር።

ከምክር ቤት ሥራው ሁሉ በጣም ሊጠና የሚገባው የ1981 የወንበር ድልድል ክርክር ነው። ቦንድ በአትላንታ የሚገኘው አምስተኛው የፌዴራል የምርጫ ክልል ጥቁሮች በሰፊው የሚበዙበት እንዲሆን ረቂቅ አቀረበ፤ ለዚህም ከሪፐብሊካን አባሎች ጋር ተባበረ። ምክር ቤቱ ግን ጥቁሮች ከመቶ 57 ያህል የሚሆኑበትን ክልል አጸደቀ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1982 የምክር ቤቱ ሥራ በዘር አድልዎ ሐሳብ የተደረገ ነው ተብሎ ተሻረና ቍጥሩ ወደ 65 ከፍ አለ። የድልድል ለውጥ ያስገኘው ሰው ራሱ ድልድል አስለዋጭ ሆነ ማለት ነው። ጥቁር መራጭን ባንድ ክልል ማከማቸት በዙሪያው ያሉትን ክልሎች ለሪፐብሊካኖች ያመቻቻል የሚል ተቃውሞ በዚያን ጊዜም ነበረ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ከጆርጂያ በሃያኛው ምዕት ዓመት እስከዚያ ድረስ አንድ ጥቁር ሰው ብቻ፣ አንድሩ ያንግ፣ ወደ ፌዴራሉ ምክር ቤት ተልኮ በነበረበት ወቅት፣ ቦንድ ከሩቁ ጥቅም የቅርቡን መምረጡ የሚያስወቅሰው አይመስለንም።

፭. የ1986 ምርጫ

በ1986 የአምስተኛው ክልል እንደራሴ ለፌዴራሉ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለመወዳደር ወንበሩን ሲለቅ ቦንድ ተነሣ። ሌላው ተወዳዳሪ የስኒክ ሊቀ መንበር የነበረው የቀድሞ ጓደኛው ጆን ሉዊስ ነበር። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ልጅ፣ ሌላው የአላባማ ገበሬ ልጅ ነው። በፓርቲው የመጀመሪያ ምርጫ ቦንድ ከመቶ 47፣ ሉዊስ 35 አገኙ። በብዙ አገር ሕግ ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። በጆርጂያ ግን በ1964 በወጣ ሕግ መሠረት ከግማሽ በላይ ያላገኘ እንደገና ይወዳደራል። ይህ ሕግ የጥቁሮች ድምፅ ባንድ ላይ ቆሞ የተከፋፈሉትን ነጭ ተወዳዳሪዎች እንዳያሸንፍ የታሰበ ነው ተብሎ ሲወቀስ የኖረ ነው። አሁን በሁለት ጥቁር ሰዎች መካከል ወሰነ።

በሁለተኛው ዙር ሉዊስ ራሱን እንደ ሠራተኛ፣ ቦንድን እንደ ተናጋሪ አድርጎ አቀረበ። የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራም እንዲያደርግ ገፋፋው፤ ቦንድ ምርመራው ክብር የሚነካ ነው ብሎ እንቢ አለ። ሴፕቴምበር 2 ቀን ሉዊስ 52 ለ48 አሸነፈ። ከጥቁር መራጮች አብዛኛው ለቦንድ ሲሰጥ፣ ከነጭ መራጮች እጅግ የሚበዛው ለሉዊስ ሰጠ። ቦንድ እንዲሰፋ የታገለለት ክልል ሌላ ሰው መረጠ፤ ሉዊስም በ2020 እስኪሞት ድረስ ወንበሩን ይዞ ኖረ።

አንዳንዶች የ1966ቱን የመሐላ ፈተናና የ1986ቱን የዕፅ ፈተና አንድ አድርገው ያዩአቸዋል። በእርግጥ ሁለቱም በሕግ ያልተጻፈ ብቃት የሚጠይቁ ናቸው፤ ቦንድም ሁለቱን ጊዜ እንቢ ማለቱ የባሕርዩን ጽናት ያሳያል። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። በ1966 የፈረዱት 184 ባልደረቦቹ ነበሩ፤ በ1986 የፈረደው መራጩ ነው። መራጭ ባልተጻፈ ሚዛን ሊመዝን መብት አለው፤ ቢሳሳትም ስሕተቱ የራሱ ነው፤ በሁለት ዓመትም ሊያርመው ይችላል። ምክር ቤት ግን የሌላውን ሰው ምርጫ ሊያርም መብት የለውም።

፮. መደምደሚያ

ቦንድ ከ1987 በኋላ በምርጫ ወንበር አልተቀመጠም። ከ1998 እስከ 2010 የጥቁሮች መብት ማኅበር የሚባለው የታወቀው ድርጅት፣ የኤን ኤ ኤ ሲ ፒ ሊቀ መንበር ሆኖ ሠራ፤ ኦገስት 15 ቀን 2015 ሞተ።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። እንደ ሕግ አውጪ ሲመዘን ቦንድ መልካም ሠራ እንጂ ወደር የሌለው አልነበረም፤ ከእርሱ ይልቅ በኮሚቴ ሥራ የተጉ፣ ስማቸው ግን ያልተነገረ እንደራሴዎች በየግዛቱ ይገኛሉ። ታሪኩ ሊጠና የሚገባው ስለ ሌላ ነገር ነው። በእርሱ ሕይወት ውስጥ የእንደራሴነት ሦስት ደጆች ተራ በተራ ተከፍተው ይታያሉ፤ ወንበሩን የሚሠራው ድልድል፣ ሰውን የሚልከው ድምፅ፣ የተላከውን የሚቀበለው ምክር ቤት። በመጀመሪያው ደጅ የኤኮልስና የፉልተን ሚዛን እስኪሰበር ድረስ ሕዝቡ ውጭ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ደጅ 184 ሰዎች ቆመው መለሱት። ሁለተኛውን ደጅ ግን ከመራጩ በቀር ማንም ሊከፍተው፣ ማንም ሊዘጋው አልቻለም፤ በ1966 ከፈተው፣ በ1986 ዘጋው። ስለ እንደራሴዎች የሚጽፍ ተማሪም ከማወደሱ በፊት በየትኛው ደጅ ማን እንደ ቆመ ይጠይቅ።